እሜቴን የገደልኩ ዕለት

አባቴ መኪና አልነበረውም። መኪና የነበራት እናቴ ናት። ይህን ለማወቅ ግን አባቴ እስኪሞት መጠበቅ ነበረብኝ፤ እሱም አልቸኮለም።

ልጅ ሆኜ መኪናዋ የእሱ መሆኗን የተጠራጠርኩበት ቀን የለም። እሱ «መኪናዬ» ይላታል፤ ሰፈሩ «የልብስ ሰፊው መኪና» ይላታል፤ እናቴ ምንም አትላትም። አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበረች፤ ጥቁር፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ የፊት መብራቶቿ ወሬ እንደሰማ ሰው ዓይን የፈጠጡ። ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮቷ እውነተኛ እንጨት፣ ወንበሮቿ እውነተኛ ቆዳ። በሯ ሲከፈት የቆዳ፣ የቤንዚንና የከረመ ዝናብ ሽታ ተቃቅፈው ይወጣሉ። ፍሬቻዋ እንደ ዛሬዎቹ ብልጭ ድርግም የሚል ሳይሆን፣ ከበሩ ምሰሶ ውስጥ እንደ ትንሽ ክንድ የሚዘረጋ ነበር። አንዳንዴ ክንዷ ተዘርግቶ አልመለስ ይላል፤ አባቴ በመስኮት እጁን አውጥቶ በጥፊ ሲላት ትሰበስባለች።

«አየሽ?» ይለኛል፤ «ሴት ቋንቋው ሲገባት እንዲህ ናት።»

እኔም ሴት ነበርኩ። ሳቅሁ።

እሜቴ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። «አሮጊት ናት፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ ሳታስፈቅድ አትንካት» ይል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ የሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንደተዘረጋ ትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኗን ይከፍታል። የእሜቴ ብሎኖች ከሌላ መኪና ብሎን ጋር አይመሳሰሉም፤ የጥንት የእንግሊዝ ልክ ናቸው። ተራ መፍቻ ወይ ይጠብባል፣ ወይ ይሰፋና የብሎኑን ጠርዝ ልጦ ያበላሸዋል። ልካቸው የሆኑትን መፍቻዎች አባቴ በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሣጥኑ ሲከፈት መፍቻዎቹ በዘይት በራሰ ጨርቅ ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረው ተኝተዋል፤ እኔ እያወጣሁ አቀብለዋለሁ። ለሞተሩ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ ይፍቃቸዋል፤ አንዱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ ያየዋል፤ ያፏጫል። መርፌ ሲይዝ የሚጨማደደው ፊቱ እሜቴ ላይ ሲያጎነብስ ይፈታል። ይህን አልክደውም። ሰውየው መኪናዋን ይወድ ነበር።

እሁድ ደግሞ እንነዳለን። የእሜቴ መሪ በቀኝ በኩል ነው፤ የእኛ መንገድም የሚነዳው በቀኝ ነው። ስለዚህ ከፊት የጭነት መኪና ሲደቀን ነጂው አንገቱን ቢመዝዝ እንኳ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። በግራ የተቀመጠ ሰው ሊያይለት ይገባል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

«ምን ይታያል፣ የኔ ዓይን?»

«አውቶቡስ!»

ይጠብቃል። አውቶቡሱ እሜቴን አንቀጥቅጧት ያልፋል።

«አሁንስ?»

«ባዶ!»

ማርሹን ወደ ታች ይጎትትና ይረግጣታል። እሜቴ እንደ ሴት ወይዘሮ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዘፈን ትጀምራለች፤ የወንበሩ ሽቦ ከበታቼ ይንጫጫል፤ የጭነት መኪናው ጎማ ከጆሮዬ አጠገብ እንደ ወፍጮ ይዞርና ድንገት ወደኋላ ይቀራል። ከፊታችን ሜዳው ብቻ። አባቴ ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ ያጨበጭብልኛል። በእኔ አንዲት ቃል ላይ ነፍሱን ይጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወንዶች ብዙ ነገር ብለውኛል፤ ያን ያህል ያመነኝ ግን የለም።

እናቴ አብራን አትሄድም ነበር። አዋላጅ ናት፤ ሰፈሩ «ሲስተር» ነው የሚላት። እሁድ ብትገኝም ልብስ ታጥባለች፣ ወይ ትተኛለች። መኪና አትወድም ብዬ ነበር የማስበው። ከሁሉ ይልቅ እሜቴ እሷን አትወዳትም ብዬ አስብ ነበር።

እንዲህ ያሰብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን ከመጋረጃ ወዲያ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ ኮት እየሰፋ ነው።

«ከኮረብታው ወዲያ የተከፈተው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው» አለች እናቴ።

«ማለፊያ ነው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እዚያ ድረስ አውቶቡስ አለ እንዴ?»

«የለም። ‘መመላለሻ ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው’ ብለውኛል። ከሌለኝ ለሌላ ይሰጡታል።»

«እና በምን ልትመላለሺ?»

«በመኪናው።»

«በማን መኪና?»

እናቴ መልስ ያጣች መሰለኝ። መልሱስ ነበራት። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መልሳለት ኖሯል፤ የመለሰችበት ጥርስ ዛሬም ከአፏ የለም።

«ክፉ ሰው አታስመስይኝ» አለ አባቴ ለስለስ ባለ ድምፅ። «መቼ ከለከልኩሽ? ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። ከተነሳችልሽ ሂጂ።»

እውነትም ቁልፉ ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር የሚውለው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይታያል። ጎረቤት ሴቶች ያን ቁልፍ እያዩ ለእናቴ «ምን ዓይነት ባል ነው የሰጠሽ!» ይሏት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት ቁልፉን አንሥታ ትወጣለች። ሞተሩ ኧኧኧ ይላል፤ ያቃስታል፤ አይነሳም። ቁልፉን መልሳ ሚስማሩ ላይ ትሰቅላለች። በእግሯ ትሄዳለች። እሁድ አባቴ ወጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ቀና ሲል፣ አንዲት ቃል ለእሜቴ ሹክ ሲላትና ቁልፉን ሲያዞር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስነጥስ ትነሳለች።

ይሄ ነገር የእሁድ ምሳ ጨዋታ ሆነ። እንግዶች ይመጣሉ። የአባቴ እናት፣ አያቴ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። የአባቴ ወዳጅ መካኒኩም አይቀርም፤ እጁ ታጥቦ ስለማይነጣ ሰፈሩ ግራሶ ነው የሚለው።

«ሲስተር!» ይላል አባቴ አፉን ጠርጎ። «ሕሙማን እየጠበቁሽ አይደል? ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው።»

«ኧረ ተዋት አንተ ልጅ፣ ምግቧን ትብላበት» ትላለች አያቴ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ እያዞረች።

እናቴ አልሄድም ብትል የባሰ እንደሚመጣ ታውቃለች። ትወጣለች። ኧኧኧ… ኧኧኧ…

«ምጥ ጠናባት!» ይላል ግራሶ፤ «ኧረ አዋላጅ ጥሩ!»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ግራሶ ሳቁ ሲያልቅበት ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ ይቀጥላል። እኔም ከሁሉ በላይ እየጮኽኩ እስቃለሁ፤ አባቴ ሲስቅ አይቶ ዝም የሚል ልጅ እኔ አልነበርኩም። እናቴ ትመለሳለች፤ የቀዘቀዘ ምግቧን ትጨርሳለች። ከዚያ አባቴ ይወጣል። እሜቴ ትዘፍናለች። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

ምስጢሩን እኔ አውቅ ነበር። ማለቴ፣ ተነግሮኝ ነበር። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጎነብስ ከኮቱ ገበር ውስጥ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ቡናማ ነገር ሲያወጣ አይቼዋለሁ። ለእሷ ብቻ የሰፋላት ጠባብ ኪስ ነበረችው፤ ስፌቷ እንደ ሙሽራ ልብስ የተጠነቀቀ።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ጥርሷ ነው» አለኝ። «አሮጊት አይደለች? ጥርሷን አውልቃ ነው የምትተኛው። እኔ እይዝላታለሁ። ለማንም አትንገሪ፤ አሮጊት ሴት ጥርሷ ሲነሳ ታፍራለች።»

አመንኩት። አያቴም ጥርሷን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነበር የምታሳድረው። እናቴ ሲቸግራት ሳይ የሚገርመኝ ለምን አባቴን ጥርሷን እንደማትለምነው ነበር። ኩራት መሰለኝ። «ብትጠይቀው ይሰጣት ነበር» እያልኩ እናደድባት ነበር።

ጥርስ ያላት ነገር፣ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ልገጥማት የምችላት ነገር፣ እሳቱን ለየካንዴላው የምታዳርስ ቁራጭ ናት። ከሞተሩ ጎን ካለ ክዳን ስር ገብታ ትዞራለች። እሷ ከሌለች ሞተሩ እስከ ምጽአት ቢያቃስት አንዲት ብልጭታ አያገኝም። አባቴ ከእያንዳንዱ የእሁድ ሽርሽር በኋላ ክዳኑን ከፍቶ፣ እሷን መዝዞ፣ ኪሱ ይከታታል። ቁልፉን ደግሞ ሚስማሩ ላይ ይሰቅለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ስወጣ እናቴ ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ አገኘኋት። የፈለገችው ሥራ ለሌላ ሊሰጥ ጥቂት ቀን እንደቀረው አላውቅም። አሳዘነችኝ፤ ደግሞም አበሸቀችኝ።

«እማዬ» አልኳት በመስኮቱ፤ «ጥርሷን ለምኚው እንጂ።»

ቀና አለች። «የምን ጥርስ?»

ነገርኳት። ኮቱን፣ ኪሷን፣ ክዳኑን፣ ሁሉንም። የምጠብቀው እንድትስቅ ነበር። ፊቷ ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነ። ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ ክዳኑ በሁለት የሽቦ መያዣ ብቻ የተያዘ ነበርና ያለ መፍቻ ፈልቅቃ ውስጡን አየች። ባዶ ነው። መልሳ ዘጋችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እንደነገርሽኝ ለማንም እንዳትነግሪ» አለች። «ለአባትሽም።»

እና በእግሯ ሄደች። የሆስፒታሏ የአምቡላንስ ሹፌር ከወደቁ አሮጌ መኪኖች መሐል እየቆፈረ አንዲት ጥርስ እንዳገኘላት፣ እሷም በጡት መያዣዋ ውስጥ ይዛት እንደዋለች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለት ጥርስ በደረታቸው ይዘው አንድ አልጋ ላይ ተኙ።

እሁድ ደረሰ። ምሳው ሊያልቅ ሲል እናቴ ውኃ ላምጣ ብላ ወጣ ብላ ተመለሰች። አባቴ አፉን ጠረገ።

«ሲስተር! ሕሙማን እየጠበቁሽ ነው።»

«እሺ» አለች እናቴ። ከዚያ በፊት እሺ ብላ አታውቅም፤ ዝም ብላ ነበር የምትነሳው።

አያቴ ወንበሯን አዞረች። ግራሶ የሚለውን ነገር በጉንጩ አዘጋጅቶ አፉን ከፍቷል። እሜቴ አንድ ጊዜ ኧ አለችና ተነሳች።

ግራሶ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አባቴ እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ፤ ኮቱን ከውጭ ዳበሰ፤ እንደገና ዳበሰ። ደስታ ልቡን የመታው መሰለኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ጥርሷ ከኪሱ አለች፣ እሜቴ ደግሞ ከውጭ እየዘፈነች ነው።

ሮጬ በግራ በኩል ገባሁ። እናቴ በሩን ለቅቃ መንገዱን ያዘች። መሪውን የያዘችው እንደ አባቴ አንድ ክንዷን መስኮት ላይ ጥላ ሳይሆን፣ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው በሁለት እጇ፣ ላላ አድርጋ ነበር። ማርሽ ስትቀይር አይሰማም። ከፊታችን የጭነት መኪና መጣ። አንገቴን አስግጌ «ባዶ!» ልል ጉሮሮዬን ሳዘጋጅ እሷ ወደኋላ ቀረት አለች። መንገዱ ወደ ቀኝ እስኪታጠፍ ታገሰች፤ በጭነት መኪናው በቀኝ ጎን አሻግራ ርቃ አየች፤ ሲቃና ወጥታ አለፈችው። ማንንም ምንም አልጠየቀችም።

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። በዚችው ነው የተማርኩት።»

ውሸታም፣ አልኩ በልቤ። የእናቴ አባት ከመወለዴ በፊት ሞቷል፤ እሜቴ ደግሞ የእኛ ናት።

መስኮቱን ሁሉ ዝቅ አደረገች። ሻሿ ተፈትቶ በኋላ ወንበር ላይ ተንሳፈፈ። ዳገቱን ስንወጣ እሜቴ ድምፅዋን አወፍራ ዘፈነች፤ ቁልቁለቱ ላይ እናቴ እግሯን ከነዳጁ አንሥታ ለቀቀቻትና እንደ ትንሽ ልጅ «ዊይይይ!» አለች። እናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ይኖራታል ብዬ አስቤ አላውቅም። መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ግራው ወንበር ላይ ተኮራምቼ እሜቴን ታዘብኳት፤ ለማንም የምትስቅ ሆና አገኘኋት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጋዋን ለለበሰ አንድ ሽማግሌ «ነገ እጀምራለሁ፤ መመላለሻ አለኝ» አለችው። እሱም መኪናዋን ዞሮ አይቶ «ይቺ ካመጣችሽማ» ብሎ ሳቀ።

ስንመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ እያጨበጨበ ተቀበለን። እንግዶቹ አጠገቡ ናቸው። እናቴን ግንባሯን ሳማት።

«ሹፌራችን! ኧረ እልል በሉላት! ነገ ሥራ ልትገባልን ነው።»

ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «በይ ነይ፣ የኔ ዓይን» አለኝ። «ለእናትሽ መንገድ እሜቴን እናዘጋጃት።»

እናቴ ጋዋኗን ልትተኩስ ገባች። አያቴና እንግዶቹ ተሰናበቱ፤ ግራሶ ብቻ ቀረ፣ በሩ ላይ ሲጋራውን ይዞ። አባቴ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከእሜቴ ሆድ ስር አስገባ፤ ከሣጥኑ አንድ መፍቻ አወጣ፤ ጀርባው ላይ ተኝቶ ገባ። ጥቁር ዘይት እንደ ገመድ ሳይቆረጥ ወደ ሳፋው ወረደ፤ ሞቃት ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው።

«ሆዷን እያጠብናት ነው» አለኝ።

ግራሶ ከበሩ ጠጋ አለ። ሳፋውን አየ። ጥግ ላይ የሚቀመጠውን የዘይት ጣሳ አየ፤ ማንም አልነካውም።

«ኧረ ተው አንተ ሰው» አለ። «እሷ እንኳ ብረት ናት፣ ምን አደረገች?»

«ብረት አይደለች? ምን ይሰማታል?»

«ልጅቷን እንኳ አስገባት።»

«ልጅቷ ትዘፍንላት እንጂ» አለ አባቴ፤ ብሎኑን መልሶ አጥብቆ እጁን ጠረገ።

ግራሶ ሲጋራውን ረግጦ ሄደ። በልጅነቴ እሜቴን ያላከበረ መስሎኝ ቂም ያዝኩበት። አሁን የያዝኩበት ቂም ሌላ ነው፤ መሄዱ ነው።

አባቴ ብብቴን ይዞ አንሥቶ በቀኝ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። መሪው ፊት! በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። እግሬ ስለማይደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ በእግሬ ጣቶች ነዳጁን ነካሁ። ቁልፉን እሱ አዞረ።

«በይ አዘፍኛት። ለእናትሽ ይሰማት። በቃ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

ረገጥኩ። እሜቴ ዘፈነች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ እጆቹን አጣምሮ ያየኛል። የእሜቴ ድምፅ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ ክሩስኮቱ ከመሪዬ ፊት ተንቀጠቀጠ፤ ደረቴ ውስጥ ሁሉ ይጮሃል። ከክሩስኮቱ ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች፤ ቆንጆ ነበረች፣ ለበዓል የበራች መሰለችኝ። ከዚያ ከሆዷ ኳ ኳ የሚል መጣ። ወደ አባቴ አየሁ። «በርቺ!» አለኝ። ኳኳታው እንደ መዶሻ ሆነ፤ የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ፤ ጭስ ከኮፈኑ ስር ተነሣ። እሱ በቃ አላለኝም። እሜቴ እንደ ታረደች ጮኸች። አንድ ጊዜ ተንፈራገጠች። ዝም አለች።

እናቴ እየሮጠች ወጣች፤ የተተኮሰው ጋዋን ክንዷ ላይ ነው። አባቴ ራሱን ይዟል።

«ልጅሽ ገደለቻት!» አለ። «ዞር ስል ገብታ… ‘ለእማዬ አሙቄ ልጠብቃት’ ብላ… ኧረ ምን ጉድ ነው!»

እግሬ አሁንም ነዳጁ ላይ ነው። የረገጥኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሳፋውን አየች። አባቴን አየችው። ቀስ ብላ ጋዋኑን አጥፋ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው፤ በሩን ከፍታ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ፤ በጥፊ መታችኝ። እሜቴ ክንዷን ስትሰበስብ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ በፊት ነክታኝ አታውቅም።

«ምን ነካሽ!» አለ አባቴ፤ ከእጇ ነጥቆ አቀፈኝ። «ልጅ አይደለችም እንዴ? ብረት ይተካል፣ ልጅ አይተካም።» አንገቱ ስር ገብቼ አለቀስኩ። በዓለም ላይ የቀረኝ እሱ ብቻ መሰለኝ።

ጤና ጣቢያው ሌላ አዋላጅ ቀጠረ። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ሆስፒታሏ ውስጥ በሌላ ሰው ስር ሠራች። እሜቴ ግቢው ጥግ በሸራ ተሸፈነች። አባቴ አንዳንድ ቀን ሸራውን ገልጦ ጣራዋን እየዳበሰ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ስላስለቀስኩት አንጀቴ ይቆረጥ ነበር። ያለቀሰው ከልቡ ነው። ገዳይ አያለቅስም ያለው ማነው? እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ ታሪኩን እያሳመረ ያወራል፤ «ሞተር ገዳይ» የሚለው ስም ወጥቶልኝ ከእኔ ጋር አደገ። ብርጭቆ ስይዝ «ቀስ፣ ሞተር ገዳይ!» ይሉኛል። እናቴ አንድም ቀን በዚህ ስም አልጠራችኝም፤ ስሙን የጠራውንም ተው አላለችም። ጸጉሬን ስታበጥር ትጎትታለች። ታምሜ ስተኛ ትኩሳቴን ትለካለች፤ ለሕመምተኛ የምትሰጠውን ሰጥታኝ ትሄዳለች።

አባቴ ሞተ። በሳምንቱ ግራሶ እሜቴን ልግዛ ብሎ መጣ፤ አርጅቶ፣ እጁ ግን ያው ነው።

«እናትሽን ጠይቂልኝ የኔ ልጅ» አለ። «መቼም የእሷ ናት።»

«የማን?»

«የእናትሽ ነዋ። አባቷ ነው ያወረሳት። አባትሽማ ከማግባቱ በፊት ብስክሌትም አልነበረው።» ከዚያ የማላውቅ መሆኔን ከፊቴ አነበበና ባርኔጣውን ፈለገ።

«ሌላ የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ» አልኩት።

«ምን አውቃለሁ እኔ። ሞተሯ ተበልቷል፤ አንቺ በልጅነትሽ…»

«አትሸጥም። ደህና ይዋሉ።»

የቆርቆሮውን ሣጥን ቁልፍ ሰብሬ መፍቻዎቹን አወጣሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሁለት ጋራዥ ሄጄ ሁለቱም ሳቁብኝ፤ አንደኛው ሻይ አፍልታ የምታቀርብ ሴት እንደሚፈልግ ነገረኝ። የእንግሊዞቹን የጥገና መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ በላሁት። ብሎን ስበጥስ ተሳደብኩ፤ ጣቴን ስቆርጥ ጠባሁት፤ ደግሞ ቀጠልኩ። በመጨረሻ የሞተሩን ሆድ ከፈትኩት።

ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ለስላሳ ብረቶች ቀልጠው ከዘንጉ ጋር ተጣብቀዋል። ሰማያዊ ሆኖ የተቃጠለ ብረት ነው። ከታች የሚሰበሰበው ዘይት ደግሞ አንዲት ጠብታ እንኳ የለም፤ ደረቅ። ሞተር ነዳጅ ስለተረገጠ ብቻ እንዲህ አይሆንም፤ ዘይት ሲያጣ ነው። ሳፋው ትዝ አለኝ። ጥቁሩ ገመድ ሳይቆረጥ ሲወርድ ትዝ አለኝ። ሌላ ዘይት ሲገባ ግን አላየሁም። ቀይዋ መብራት ትዝ አለችኝ፤ መጽሐፉ ስለ እሷ የሚለው ‘ከበራች ሞተሩን ወዲያው አጥፋ’ ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩት ሬሳ የሌላ ሰው ነበር።

ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስጠረብኩ፤ የቀለጡትን በአዲስ ተካሁ፤ ፒስተኖቹን አውጥቼ አጸዳሁ፤ እያንዳንዱን ብሎን በራሴ እጅ አጠበቅሁ። እናቴ አንዳንዴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አንድም ነገር አትጠይቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ያላየሁትን ብሎን በጣቷ አሳይታኝ ገባች።

የተነሳች ዕለት አልጮህኩም፤ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ብቻ ነው ትንፋሼን የለቀቅሁት። እናቴን ነይ ብሎ የሚጠራት ሳይኖር መጥታ በግራ ወንበር ገባች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ወጣን። እሜቴ እንደ ድሮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ማርሹ መዳፌ ውስጥ ሲገባ ቅቤ ነው። የኮረብታው መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል፤ ዳገቱን በደስታ ወጣችው። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ እያለኝ ጠየቅኋት፣ ደስታ ድፍረት ይሰጣልና።

«እማዬ፣ ዘይቱን ያፈሰሰው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ ነዋ። ሳፋው እኮ እዚያው ነው። ዕውር አይደለሁ።»

ማርሽ ቀየርኩ፤ አንገራገጨ። ሳንጨቃጨቅ የጤና ጣቢያውን በር አለፍን። ወደዚያ አልዞረችም።

«ታዲያ ለምን መታሽኝ?»

ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋችው። የመለሰችልኝ ስለ ዝናብ እንደምታወራ፣ ሳትቸኩል ነው።

«እሱን መምታት አልችልም ነበር። አንቺን እችል ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

ይቅርታ የሚባል ነገር ይከተላል ብዬ ጠበቅሁ። የሚከተል የለም። እግሬ ሳላውቀው ነዳጁን ተጭኖት ኖሮ የእሜቴ ድምፅ ከፍ እያለ መጣ። እናቴ እጇን ክሩስኮቱ ላይ አሳረፈች፤ እንጨቱን አንድ ጊዜ ዳበሰችው።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አለችኝ። «መኪናዬ ናት።»